የአበጋዝ ትልቁ ጉድጓድ

አርፋችሁ ተቀመጡ። አንተ እግርህን ሰብስብ። ሐያት፣ አንቺ ጻፊ፤ የወንድሜ ልጅ ነሽ ብዬ ቀስ አልልልሽም። ተረት ተረት!

የላም በረት አላችሁ? ላሟን ለዛሬ ተዉአት። የዛሬው ጉድጓድ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ይፋት ቆላ፣ አበጋዝ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ዘሃራ ትባላለች። አበጋዝ ጉልበቴ ሳይደክም ማሽላ አጠራቅምና ማጭዴን ሰቅዬ ዋርካ ስር እተኛለሁ ብሎ አሰበ። እዚያ አገር ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። የተከፈተ ጉድጓድ ግን ተመልሶ አይዘጋም። አየር ከገባው እህሉ ይግላል፣ ይነቅዛል፤ ሁሉንም ማውጣት ነው። ለዚህ ነው ሰው ትናንሽ ጉድጓድ የሚቆፍረው። አበጋዝ ግን ሌባ ፈርቶ አንድ ቤት የሚያክል ቆፈረ።

ከዚያም ቁጠባ ሆነ። እሸት መጥበስ ቀረ፣ እንግዳ መጥራት ቀረ። ራት ቀጭን ሙቅ ሆነ።

ዘሃራ፦ እሸት እኮ ጥርስ እያለ ነው የሚበላው።

አበጋዝ፦ ታገሺ፤ ስናርፍ እጠብስልሻለሁ።

ጎረቤታቸው ሙሄ ደግሞ እሸት በደረሰ ቁጥር ሰፈሩን ጠርቶ ያበላል፤ ከበሮ ይደልቃል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ነው። አበጋዝ በሙሄ ይስቃል፣ ሙሄ በአበጋዝ ይስቃል። እኔ ይኸው እስካሁን በማን እንደምስቅ አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በጎተራ ያጠራቀመው ጉድጓዱን ሞላ፤ አፉም ተደፈነ። አበጋዝ ማጭዱን ሰቀለና ዋርካው ስር ተኛ። መጀመሪያ ደስ አለው። ከዚያም ቀና ቢል ሰው የለም፤ ሁሉም ማሳ ላይ ነው። ከጉንዳን ጋር ማውራት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፋ። የሙሄ ልጆች ተራቡ፤ ሙሄ መለመን አፈረ። አበጋዝም ቤት ያለው አለቀ። ጉድጓዱን ቢከፍት ሁለት ሰው አይጨርሰውም፣ ባይከፍት ይራባል። አፉ ላይ ቁጭ ብሎ ግራ ገባው። ሙሄን ጥራ ያለችው ዘሃራ ናት።

ሙሄ ሰፈሩን ይዞ መጣ። ተከፈተ። ዳር ዳሩ በስብሷል፣ መሀሉ ደህና ነው። አዲስ ሲደርስ ሊመልስ ሁሉም ተሸክሞ ወሰደ። የአበጋዝ እረፍት እንዲህ በየሰው ቤት ተበተነ።

አበጋዝ፦ ሙሄ፣ እኔ አሁን ባለጸጋ ነኝ ወይስ ባዶ?

ሙሄ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ ሳልቆጥብ የዳንኩት ራሴም ግራ ገብቶኛል።

ከዚያም ዝናብ መጣና ማጭዱ ከተሰቀለበት ወረደ። እሸት ሲደርስ አበጋዝ የመጀመሪያውን ጠብሶ ለዘሃራ ሰጣት። አፏን ሲያይ ደነገጠ፤ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

ዘሃራ፦ ምን ታያለህ? ፈልፍልልኝ፤ በድዴ እመጠዋለሁ።

ሳቀችና አለቀሰች። ከደስታ ይሁን ከቁጭት አበጋዝ አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁ።

እንግዲህ እኔ ወሬዬን ዘረገፍኩ፣ እናንተ ደግሞ ለአፌ እሸት ፈልፍሉልኝ። ማን ልክ ነበር አላችሁ? ማነው የሚጠራኝ? ጥጃዋ ተፈታች? መጣሁ! ሐያት፣ ቶሎ ጻፊው፤ ልክ የነበረውማ…