ግማሹ ያልተለበሰ ኩታ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

ቆይ መክሊት፣ ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም። ባለፈው ከዩኒቨርሲቲ ሻንጣሽን እየጎተትሽ መጥተሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ «አክስቴ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ፋሽን ኮሙኒኬሽን ተምሬ አንድ ቀሚስ መስፋት አልችልም። አባዬ ‹ታዲያ ምን ተማርሽ?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ልተወው ይሆን?» አልሽኝ። ያን ጊዜ አፌ በቆሎ ተሞልቶ ነበርና ዝም አልኩ። ቆሎው ባይኖርም ዝም እል ነበር፤ ጥያቄው ትልቅ ነው። አሁን መልሱ መጥቶልኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ከጎንሽ ሆኖ ያቋርጠኛል፤ ወንድሜ አይደል፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። የፊደል ግድፈቴን ብቻ ለአስተማሪዎችሽ አታሳዪብኝ።

እናም አንድ ሸማኔ ነበረ፤ እጁ የተባረከ። ድሩን ወጥሮ ሲቀመጥ ዝንብ እንኳ ብታርፍበት የትኛው ክር ላይ እንዳረፈች ሳያይ ያውቅ ነበር ይላሉ። በዚያ አገር ሙሽራ የእሱን ኩታ ካልደረበ ያገባ አይመስለውም። ግን ሸማኔ እንደምታውቂው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራው። ቀና ቢል የሚታየው የመንገደኛ እግር ነው። ስለዚህ ይህ ሰው የሠራውን ልብስ ክር በክር ያውቀዋል፤ ሰው ላይ ሆኖ ግን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ጥለቱ ከላይ እንዲታይ አድርጎ ያጥፈዋል፣ ይሰጣል፣ አንገቱን መልሶ ይደፋል። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ኖረ።

ሸማኔው ከወንዙ ማዶ የሚኖር ወንድም ነበረው፤ ገበሬ ነው። በልጅነታቸው አንድ ጋቢ እየተጓተቱ ያደጉ ናቸው። ካደጉ በኋላ በአንድ ባሕር ዛፍ ተጣሉ። ዛፉ የቆመው ከወንዙ ማዶ፣ እዚያው ወንድምየው ደጅ፣ ሸማኔው ከአባታቸው በወረሰው ቁራሽ መሬት ላይ ነው። ጥላው ደግሞ የገበሬውን ማሳ ያለብሰዋል። ገበሬው ይቆረጥ ይላል፣ ሸማኔው የአባቴን ዛፍ አላስነካም ይላል። በዚህ ተኮራረፉ።

ተኮራርፈው ሳሉ የገበሬው ሚስት ሞተች። አገሩ በሙሉ ለቅሶ ደረሰ። ሸማኔው ግን ቀረ። ሄጄ ከዳሱ ቢያስወጣኝስ ብሎ ፈራ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከፋበት። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል አያውቅም፣ የሚያውቀው ልብስ ነው። እናም ለወንድሙ አንድ ኩታ ሠራ፤ ጥለቱ ቀጭን፣ ጨዋ የሆነ ኩታ። እንደ ልማዱ ጥለቱን ከላይ አድርጎ አጠፈና በጎረቤቱ ላከው።

ጎረቤትየው ማታውን ኩታውን እንደታጠፈ ይዞት ተመለሰ።

«ምን አለ?» አለ ሸማኔው።

«ምንም። አየውና ፊቱን አዞረ።»

«ጥለቱ ቀጠነበት» አለ ሸማኔው።

ሌላ ሠራ። ጥለቱን ስንዝር አሳክሎ፣ ቀይና አረንጓዴ አግብቶ ላከው። እሱም ተመለሰ። አሁንስ እልህ ያዘው። ለንጉሥ ቢሰጥ የማያሳፍር፣ ፀሐይ ሲነካው ዓይን የሚወጋ የወርቅ ክር ያለበት ሠራና ላከ።

«ይሄንንስ?»

«ይሄን ሲያይማ በሩን ዘጋው» አለ ጎረቤትየው። «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ እኔን አትላከኝ። ውሻው ለይቶኛል።»

ከዚህ በኋላ ከማዶ መልእክት መጣ። ገበሬው በሽማግሌዎች ፊት ምሎ ነበር። ወንድሜ እስከ ሚስቴ ሙት ዓመት ለቅሶ ካልደረሰኝ ወንድም እንዳልነበረኝ እቆጥረዋለሁ፣ ስሞትም እንዳይቀብረኝ ብሎ። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ቀን በኋላ በነገሩ እጃችንን አናስገባም አሉ።

ሸማኔው አንድ ሴት ልጅ ነበረችው። በሩቅ አገር ልብስን ከማንም በላይ ታውቃለች የምትባል አንዲት ባልቴት እንዳለች ሰምቶ ልጁን ወደ እሷ ላከ። «ወንድሜ እንቢ ሊለው የማይችል ጥለት ተማሪ። ሙት ዓመቱ ሳያልፍ ነይ» አላት።

ልጅቷ ሄደች። የባልቴቷን ቤት ስታገኝ መወርወሪያ የለ፣ ድር የለ፣ ጉድጓድ የለ። ቤቷ ያለው የገበያው መንገድና የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ የሚገናኙበት ላይ ነው። ደጇ ላይ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ።

«መች ነው የምጀምረው?» አለች ልጅቷ።

«ተቀመጪና አላፊውን እዪ» አለቻት ባልቴቷ።

አንዲት ሴት አለፈች።

«ምን አለች?»

«ኧረ ምንም አልተናገረችም፣ እማማ።»

«ነጠላዋስ?»

ልጅቷ እንደገና አየች። የሴትየዋ ነጠላ ተገልብጦ ነው የተለበሰው። ትኩር ስትል በውጭ መዋል የነበረበት ፊት ጥለቱ ነትቦ ነበር፤ ደህናውን ፊት ለሰው አዙራለች። «እንዳጣች እንዳይታወቅባት በነጠላዋ ለምናለች» አለች ልጅቷ። ባልቴቷም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ዓይኗ ተከፈተ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን የማያወልቅ ሰው አየች፤ ከሥር ያለው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተቀዷል። መቀነቷን ከወትሮው ከፍ አድርጋ የታጠቀች ሴት አየች፤ ለእናቷ ገና ያልነገረችውን እርግዝና ለመንገዱ ነግራለች። ሁለት ጓደኛሞች ነጠላቸውን አንድ ዓይነት ጥለው ሲሄዱ አየች፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንደኛዋ በሌላ ዓይነት ጥላው አየቻትና መጣላታቸውን ከአገሩ ሰው ሁሉ ቀድማ አወቀች። ይሄ ሁሉ ሕዝብ አፉን ዘግቶ እንዲህ ሲናገር ኖሯል፤ እሷ፣ ልብስ ሲሠራ በሚውልበት ቤት ተወልዳ፣ ሰምታው አታውቅም። አንዳንድ ቀን ከመገረሟ የተነሣ እህል ትረሳ ነበር።

መስማቱን ስትችል ባልቴቷ መናገሩን አስተማረቻት። አንድ ተራ ነጠላ ሰጠቻትና «በዚህ ወደ ገበያ እየሄድሽ መሆኑን ንገሪኝ» ትላታለች። «አሁን እንግዳ መሆንሽን። አሁን ማፈርሽን። አሁን ደግሞ ማንንም እንደማትፈሪ።» ነጠላው ያው ነው። ልጅቷ ግን በእሱ ያላለችው ነገር አልነበረም።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ባዶ እጇን ተመለሰች። ሸማኔው ከጉድጓዱ ወጥቶ ጠበቃት።

«አምጪ ጥለቱን።»

«ጥለት አልተማርኩም፣ አባዬ።»

«ፈትልስ?»

«ፈትልም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ሰው ሳይ።»

ሸማኔው መሬት ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቁጣ እንኳ አቃተው። «ነገ እኮ ነው ሙት ዓመቱ» ብቻ አለ። «ወንድሜን በቃ አጣሁት።»

ልጅቷ ሳጥኑን ከፈተች። የወርቅ ክር ያለበትን አንሥታ ወደ ጎን አደረገችው። ስንዝር ጥለት ያለውንም ተወችው። ከሥር የመጀመሪያውን፣ ያንን ቀጭን ጥለት አወጣችው። በማግስቱ ጠዋት አባቷን አቆመችና ራሱ የሠራውን ኩታ ራሱ ላይ ትደርብለት ጀመር። ጥለቱን ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ወደ አንገቱ አወጣችው። ግማሹን በደረቱና በግራ ትከሻው አዞረች። የቀረውን ግማሽ ግን ሳታዞረው በቀኝ ጎኑ እንዲሁ ለቀቀችው፤ ባዶውን ተንጠለጠለ።

«ይሄንንስ አታዞሪውም?»

«እሱ ያንተ አይደለም፣ አባዬ።»

«በእጄ ምን ልያዝ?»

«ምንም።»

ሸማኔው ወንዙን ተሻገረ። ከገበሬው ደጅ ዳስ ተጥሏል፣ ሰዉ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት ከሩቅ አየችውና «ያ ማነው፣ ሐዘኑ እንዲህ የከበደው?» አለች። ፊቱ ገና አልተለየም፤ ኩታው ግን ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሲቀርብ ለዩት። ሰዉ ሁሉ ወደ ገበሬው ዞረ።

ገበሬው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። ወንድሙን ፊቱን አላየውም። አንገቱ ላይ ያለውን ጥለት አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ በቀኙ በኩል የተንጠለጠለውን ግማሽ አየ። ከዚያ መጣና ያንን ጫፍ በእጁ ያዘው፤ አነሣው፤ ራሱ ላይ ደረበው። ሁለቱ ሽማግሌ ወንድማማቾች በአንድ ኩታ ውስጥ ሆነው ዳሱ መሐል አለቀሱ። ከተቀመጠው ሰው ያላለቀሰ የለም። ሊታዘብ የመጣ እንኳ አለቀሰ ይላሉ።

ሲረጋጉ ገበሬው ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰና «መጀመሪያ የላክልኝ ነው እንዴ?» አለ።

«እሱው ነው። አንድ ክር አልጨመርኩበትም።»

«ያኔ እኮ ‹እንኳን ደስ ያለህ› ብሎኝ ነበር» አለ ገበሬው። «ሚስቴን በቀበርኩ በሳምንቱ።»

ሸማኔው ያን ጊዜ ገባው። ዕድሜውን በሙሉ ለሙሽራ ሲያጥፍ እንደኖረው ለወንድሙም አጥፎለት ነበር። ያን ሁሉ ወር ጥለቱን ባሰፋ ቁጥር ሠርጉን እያደመቀበት ኖሯል።

እንግዲህ መክሊትዬ፣ ሸማኔው አባትሽ ነው፣ ልጅቷ አንቺ ነሽ። አባትሽ ድሩን አሳዪኝ ይልሻል፤ አይፈረድበትም፣ የሚያውቀው ሥራ በእጅ የሚያዝ ነው። ልብስ የሚሠራ ሞልቷል። እኔ ሰፈር ብቻ ስንት ልብስ ሰፊ አለ። የሠራው ልብስ ሰው ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚል የሚያውቅ ግን አንድ አሳዪኝ። አንቺ ዓመቱን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠሽ እሱን ስትማሪ ነበር። ያ ምንም አይደለም ካልሽኝ እኔና አንቺ እንጣላለን።

ከየት አወቅሽ ትይኝ ይሆናል። በገና ጊዜ ሳትጠይቂኝ የወሰድሽው ሹራቤ ነው የነገረኝ። ያ ክርኑን በሌላ ቀለም ክር የጠቀምኩት ቡናማ ሹራብ። ሌባ ወሰደው ብዬ ጎረቤት ሳማ ከርሜ፣ ባለፈው በስልክሽ ሦስት ፎቶውን አሳየሽኝ። አንደኛው ላይ ጓደኛሽ ለብሳዋለች፤ ልጅቷ ጤፍ ገለባ የምታክል ናት፣ ግን እጅጌውን ሰብስበሽላት የቀበሌ ሊቀመንበር መስላለች። ሁለተኛው ላይ ያቺው ልጅ ናት፣ ያው ሹራብ ነው፣ ግን አውቶቡስ ጥሏት የሄደ ድኻ ሆናለች። ሦስተኛው ላይ ሰው የለም። ሹራቡን ወንበር መደገፊያ ላይ ብቻውን አንጠልጥለሽ፣ የተጠገነውን ክርኑን ወደ ብርሃን አዙረሽዋል። እሱን ሳይ እናታችን ትዝ አለችኝ፤ አያትሽ። ከቤት ስትወጣ ሹራቧን እንዲሁ ነበር የምትሰቅለው፤ ስትመለስ እንድትለብሰው። ለአንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም። እንዴት አወቅሽው? አንድ ክር አልጨመርሽበትም እኮ። እኔ የማወራ ሴት ያን ቀን ወሬዬን አቋርጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። አንቺ ሹራቡ የተናደድኩበት መስሎሽ ይቅርታ ስትይ ሰማሁሽ።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። አባትሽ ሹፌር ሳለ ይለብሰው የነበረ የቆዳ ጃኬት አለ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አቧራውን አራግፊና አልብሺው። ኮሌታውን አንቺ እንደምታውቂው አድርጊው። ከዚያ ያ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣ ሰፈር ሙሉ «ጋሼ መጡ» ይለው የነበረው ሰው መስተዋት ውስጥ እስኪመጣ ድረስ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ሲመጣ ታውቂዋለሽ። ፎቶ አንሺው።

ያን ጊዜ ምን ተማርሽ ብሎ ከጠየቀሽ ደውዪልኝ፤ እኔ እመጣለሁ። የሚጠይቅሽ አይመስለኝም። ሻንጣሽን ግን እንዳትፈቺው፤ ለሁለተኛው ዓመት እንደታሰረ ይሂድ። ሹራቡንም ጨምሪበት።