አንዳርጌን ሌባ ያደረገው ማን ነው?

ጥፋት ተሠርቶ ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ ሰው ሲቀስር፣ በእኛ አገር ሽማግሌ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎች ቤት ከሚመርጉ ሰዎች የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለም። የመጣችው ከአውጫጭኝ ነው።

ድሮ ከብት ሲሰረቅ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። እየማለ የጠረጠረውን ይጠራል። ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። ስለዚህ ሰው የሚቸኩለው እውነቱን ለማግኘት ሳይሆን ወደ ቤቱ ለመሄድ ነበር።

አንድ የእርሻ ሰሞን የአያ ፈንቴ በሬ ጠፋ። ፀሐይ ሳትበረታ ሁሉም አንድ ስም ጠራ፤ አንዳርጌ። አባቱ በሌብነት የታሰረ ነበር። በአውጫጭኝ የተፈረደበት ሰው ደግሞ መሬቱን ተነጥቆ ከአገር ይወጣል።

ሹሙ ግራዝማች ድልነሳው፣ "ምን ትላለህ?" አሉት።

አንዳርጌ ጋቢውን ሳያደገድግ ተነሥቶ ቆመ። "ወስጃለሁ። በሬው ቆላ፣ እህቴ ዘንድ ነው።"

"አላልንም ወይ! የእባብ ልጅ እባብ!" አለ አንዱ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። የአያ ፈንቴ ኮርቻ የጠፋ ጊዜ እዚሁ ሜዳ ላይ የጠራችሁት እኔን ነበር። ያኔ እጄ ንጹሕ ነበር። ኮርቻው ኋላ አማቻቸው ቤት ሲገኝ ማን መጥቶ 'ይቅር በለኝ' አለኝ? ድግስ ስገባ ዋንጫ ትሸሽጋላችሁ። ደቦ ስትጠሩ የእኔን ደጅ ትዘላላችሁ። መጀመሪያ አፋችሁ ሌባ አለኝ፤ ቀጥሎ ልቤ አመነ፤ እጄ መጨረሻ ነው የመጣው። ስርቆቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። አንገቴን ግን አልደፋላችሁም!"

"ጥጋበኛ! ዛሬውኑ ይውጣ!" አሉ ግራዝማች።

አያ ፈንቴ ተነሡ። ሊረግሙት ነው ብሎ ሰው ጠበቀ። እሳቸው ግን ሄደው ከአንዳርጌ ጎን ቆሙ።

"በሬዬን ይመልስ፤ ካሣም ይክፈል። መሬቱን ግን ማንም አይነካውም።"

"ፈንቴ፣ አበድክ እንዴ? ለሌባህ ጠበቃ ትሆናለህ?" አሉ ግራዝማች።

"በኮርቻው ጊዜ ስሙን መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እናንተም ተከተላችሁኝ። እሱ ይውጣ ካላችሁ ሁላችንም ጓዛችንን እንጫን፤ ግራዝማች፣ እርስዎ ከፊት ይምሩን። አለዚያ ተቀምጠን፣ ያጣመምነውን አብረን እናቅና፤ ጭቃውን ያቦካ እጁን አይደብቅም!"