የአው ሸሪፍ ዑድ

በአንድ ወቅት በድሬዳዋ፣ የዓረብኛ ዘፈን ክራር በሚመስለው በዑድ እየዘፈኑ ስንቱን ሙሽራ ያጀቡ አው ሸሪፍ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ወጣቱ ያንኑ የዓረብኛ ዘፈን እንደወደደ ነው፤ ግን ሪሚክስ ካልሆነ፣ ፍጥነቱ ጨምሮ ከሥሩ ምት ካልተደለቀበት ወገቡ አይነቃነቅም። ሪሚክሱን የሚሠራው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የገዛ የበኩር ልጃቸው ፈትሂ። የአባቱን ሰርጎች አንድ በአንድ ወሰደ፤ ቤቱንም የሚያስተዳድረው እሱው ሆነ። የልጅ እንጀራ እየበሉ እንዴት ይናገሩ? ሆድ ይፍጀው ብለው ዑዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

ሴት ልጃቸው ኢክራም ስትዳር ግን አንድ ነገር ጠየቁ። ሟች ባለቤታቸው «የልጄ ሰርግ ላይ የኛን ዘፈን ዝፈንላት» ብላቸው ነበር፤ በራሳቸው ሰርግ የዘፈኑላትን ማለቷ ነው። ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰበሰቡና፣ «አንድ ዘፈን ብቻ ስጡኝ። ከዚያ ወዲያ አልዘፍንም፤ ዑዱንም ከሦስታችሁ ለሚገባው እሰጣለሁ» አሉ።

የሰርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጭፈራው ደርቶ ሳለ ፈትሂ ሙዚቃውን አቆመና ማይኩን ለአባቱ ሰጠ። አው ሸሪፍ ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ዘፈኑም ዝግ ያለ ነው። ጨፋሪው ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላው ወሬውን ቀጠለ፤ ከኋላም «ፈትሂ፣ ኧረ ቀስቅሰን» የሚል ተሰማ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ አው ሸሪፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፈትሂ ይህን ማየት አልቻለም። የአባቱ ማይክ የሚያልፈው በሱ ማሽን ነውና ከድምፃቸው ሥር ምት አስገባ፤ አንዷን ስንኝም ይዞ ደጋገማት። ድንኳኑ ብድግ አለ። የአው ሸሪፍ ጆሮ ደከም ብሏል፤ ምቱ የእግር ድለቃ፣ ድግግሞሹም ሕዝቡ ሲቀበላቸው መሰላቸው። «ለካ ሰው አልረሳኝም» አሉ በልባቸው፤ እንባቸውም ወረደ።

ሙኒር ታናሹ ነው፤ ዑድ ከአባቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረው እሱ ነው። አባቱ ሲታለሉ፣ የእናቱ ዘፈን ሲቆራረጥ አየና ሄዶ የማሽኑን ሶኬት ነቀለው። «አባን በራሱ ድምፅ ስሙት» አለ። ምቱም ተቀባዩም ጠፋና የአንድ ሽማግሌ የቀጠነ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰው ተቀመጠ፤ የሳቀም ነበር። አው ሸሪፍ ያኔ ሁሉም ገባቸው፤ ጣታቸው ክሩ ላይ ቆመ።

ኢክራም ሙሽራ ናት። ሙሽራ በአማቶቿ ፊት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፤ ወጉ ይኸው ነው። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ከሙሽራ መቀመጫዋ ወረደችና «አባ፣ ቀጥል» ብላ ብቻዋን ትጨፍር ጀመር። አማቷ ፊቷን አዞረች፤ ያን ቀን እንደተቀየመቻት እስካሁን አልታረቀቻትም። ግን ልጅ እየጨፈረች አባት እንዴት ያቆማል? ድምፃቸው እየተሰበረ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው፣ እስከ መጨረሻው ዘፈኑ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሦስቱ ልጆች አባታቸው ዘንድ ተገናኙ። ፈትሂ «አባ፣ ሰው አስነሳሁልህ» አለ። ሙኒር «እኔ ከውሸት አወጣሁህ» አለ። ኢክራም እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

አው ሸሪፍ ተራ በተራ አዩአቸውና፣ «አንዱ ዋሸኝ፣ አንዱ አዋረደኝ፣ አንዷ አዘነችልኝ። የትኛው እንደሚብስ እኔም አላውቅም» አሉ። ዑዱን ለማንም ሳይሰጡ መልሰው ሰቀሉት።

እንግዶቹ በስልካቸው የቀረጹት ምት ያለበትን ብቻ ነበር። ይኸው ከተማው ሲጨፍርበት ይውላል፤ ባጃጁ ሁሉ ከፍቶት ይሄዳል፤ የማን ድምፅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በደጃፋቸው ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የአው ሸሪፍ ጣት ጉልበታቸው ላይ ክር ይፈልጋል። እየደከሙ ነው፤ ቃላቸውም እዳ ሆኖባቸዋል።

እንግዲህ ፍረዱ፤ «ለማንም አይገባም» ብሎ ሽሽት የለም። ዑዱ የሚገባው ለማን ነው? ሰው ላስነሳላቸው፣ እውነቱን ላሰማቸው፣ ወይስ ብቻዋን ለጨፈረችላቸው?