ጉልበቴ አይሳምም ያለው አባት

ተረት ተረት።

ይንገሩን እሜት።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ሰርግ ካለ ጭፈራውን የሚመራው እሱ ነው። ሲዘል ጎረምሳው ሁሉ ከሥሩ ይቀራል። ደግ ሰው ነበር፣ ግን አንድ አመል ነበረበት። ዕድሜው መግፋቱን መስማት አይወድም። ሽበት ብቅ ሲል ይነቅላል። ምን ትስቃላችሁ? እናንተም ትደርሱበታላችሁ። ዳቦ ቀርቦ «ባርክልን» ሲሉት፦ «ከኔ የሚበልጥ ፈልጉ» ይልና ሹልክ ይላል። ምርቃት የሽማግሌ ሥራ ነዋ። አንዴ ከመረቀ ማን ጎረምሳ ይለዋል? ፍርሃቱ ይኸው ነበር።

ከዚያም ልጁ ትሁኔ ተዳረች። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣና በላ፣ ጠጣ። ሙሽሮች የእናትና የአባት ጉልበት ስመው፣ ተመርቀው ነው የሚወጡት። ወጉ እንዲያ ነው። እናትየዋ አንጓች ጉልበቷን ተሳመችና መረቀች። የአባትየው መቀመጫ ግን ባዶ ነው። ጓንጉል ዳሱ ውስጥ ከጎረምሶች ጋር ይዘላል።

«ና መርቅ» ቢሉት፦ «የኔ ጉልበት ለመሳም አልደረሰም። አጎቷ ይመርቃት» አላቸው።

ትሁኔ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፦ «አባቴ በሕይወት እያለ የሌላ ሰው ጉልበት ስሜ አልወጣም» አለች።

በቅሎዋ ኮርቻ ተጭኖባት ቆማለች። ፀሐይም አዘቀዘቀች። የሙሽራው ወገኖች ተቆጡ፦ «አባቷ ያልመረቃትን ልጅ ይዘን አንሄድም። ቂም ቢኖር ነው» አሉና ሊሄዱ ተነሱ።

አንጓች ወጣችና ባሏን ከጭፈራው መሀል ጎተተችው፦ «አንተ ሰው፣ ሽበትህን ስትነቅል ዝም አልኩህ። አሁን የልጅህን ትዳር ልትነቅል ነው። ግባ።»

ገባና ላቡ ጠብ እያለ ተቀመጠ። ትሁኔ ከሙሽራው ጋር ተንበርክካ ጉልበቱን ስትስም፣ ጉልበቱ ከዝላዩ የተነሳ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም አወቀችበትና በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችለት።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለ። «አሜን» አሉ። የሚቀረው «አርጁ፣ አፍጁ» ነው። ይህን ቃል ግን ዕድሜ ልኩን ሲሸሸው ኖሯል። ልጁን አያት። ፀጉሯ ጥቁር፣ ጉንጯ ለጋ ነው። ይህች ልጅ ባታረጅስ? ያላረጀማ በልጅነቱ የተቀበረ ነው። ይህን ሲያስብ እንባው መጣ።

«አርጁ፣ አፍጁ» አለ። «እኔ የሸሸሁትን ለእናንተ እግዜር አብዝቶ ይስጣችሁ።»

«አሜን» አለች ትሁኔ፣ ከሁሉ ቀድማ።

ከዚያም በቅሎዋ ላይ ወጣችና ሄደች። ጎረምሶቹ፦ «አያ ጓንጉል፣ ና እንጂ» ሲሉት ወጥቶ ትንሽ ዘለለ። ሲደክመውም፦ «ደክሞኛል፣ ቦታ ልቀቁልኝ» አለ። ሳቁና ለቀቁለት። ተቀምጦ ያጨበጭብላቸው ጀመር። የሌላ ሰው ጭፈራ እንዲህ እንደሚያምር እስከዚያን ቀን አያውቅም ነበር።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። በሉ ንፍሮውን ወዲህ አምጡና አጉርሱኝ። ጥርሴን ታውቁታላችሁ፣ ለስለስ ያለውን ምረጡልኝ።