ውርንጭላዋና የተዋጠው ቁልፍ

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ በነበረበት አገር፣ ቡሊት የምትባል የአህያ ውርንጭላ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንበሳ፣ ዘበኛው ደግሞ ጅብ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል አለው። ይሁን እንጂ የመውጫው ደወል እንደተደወለ ወንዶቹ ተሽቀዳድመው ወንበሮቹን ይይዙና ጌም ሲጫወቱ ያመሻሉ። አለቃቸው ቀበሮ ነበር። ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱና እንጨት ሊለቅሙ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ።

አንድ ቀን መምህርቷ ጦጣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ኮዲንግ ምን እንደሆነ አሳየቻቸው። ቡሊት ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት። በማግስቱ የአንበሳን ቢሮ አንኳኳች።

«ጌታዬ፣ ከትምህርት በኋላ ለሴቶች ልጆች የኮዲንግ ክበብ ማቋቋም እንፈልጋለን። መምህርት ጦጢትም ሊያስተምሩን ፈቅደዋል።»

«ኮዲንግ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«ኮምፒዩተርን በሚገባው ቋንቋ ማዘዝ ነው። ሌላው በሠራው ከመጫወት የራስን መሥራት ነው።»

አንበሳ ጎፈሩን እያሻሸ ጥቂት አሰበ። «እስከ ዓርብ አባላት ሰብስባችሁ ሥራ ጀምራችሁ ካገኘኋችሁ ክፍሉ የእናንተ ነው። አለዚያ ለቀበሮ እሰጠዋለሁ፤ ለጌም ቤት አስቀድሞ ጠይቆኛል።»

ቡሊት ፈቃድ መጠየቁን ከገዛ እናቷ ጀመረች።

«ውኃውንስ ማን ይቀዳል?» አለች እናቷ።

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ወንድሜ።»

«ወንድምሽ?»

«እሱም እኮ ጀርባ አለው፣ እማዬ!»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። እሺም አለች።

የክፍል ጓደኛዋ የሚዳቋ እናት ግን በቀላሉ የምትበገር አልነበረችም። «ልጄ አምሽታ ብቻዋን በጫካ አትመጣም» አለች። ቡሊትም «ብቻዋን አትሆንም። ደጃፋችሁ ድረስ እኔ አደርሳታለሁ» ብላ ቃል ገባች። ኤሊን ዘመዶቿ «አንቺ ዘገምተኛ፣ ምን ልትሆኚ?» ቢሏት፣ «ቀስ ብዬ እማራለሁ፤ መማሬ ግን አይቀርም» ብላ ተከተለቻት። ሌሎችም ተጨመሩ።

ቀበሮ ይህን ሲሰማ አንድ ቅልጥም ይዞ ወደ ጅብ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ለአንተ ነው። የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍ ግን እስከ ዓርብ ማንም በማያገኘው ቦታ ደብቅልኝ።»

ጅብ ቅልጥሙን ቆረጣጥሞ ጨረሰ። ቁልፉን ሲያነሣ እጁ ቅባት ነበርና ቁልፉም መቅኔ መቅኔ ሸተተው። አንዴ ላሰው፤ ከዚያ ዋጥ!

ቀበሮ ጆሮዎቹ ቆሙ። «ደብቀው አልኩህ እንጂ ብላው አልኩህ?»

«ከሆዴ የተሻለ መደበቂያ ወዴት ይገኛል?» አለ ጅብ፣ ከንፈሩን እየላሰ።

ሴቶቹ ሲመጡ በሩ ተቆልፏል። ጅብን ቢጠይቁት «ቁልፉ ጠፍቷል» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሚዳቋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናቴ ስንት ተለምና የመጣሁት ለዝግ በር ነው?»

ቡሊት ግን ቦርሳዋን ግቢው ውስጥ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር አኖረችና «ኮምፒዩተሩ ተቆልፎብናል። ትእዛዝ ማውጣት ግን እዚህም እንማራለን። ሚዳቋ፣ አንቺ ኮምፒዩተር ሁኚ፤ እኛ እናዝሻለን» አለች። መምህርቷ ጦጣም ደስ ብሏት ከቅርንጫፉ ወረደች።

«ወደ ፊት! ወደ ፊት! ወደ ቀኝ! አንሺ!»

ሚዳቋ መሬት የወደቀውን የሾላ ፍሬ ትታ እግሯን አነሣች። «ምን እንደማነሣ አልነገራችሁኝማ!» ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ትእዛዛቸውን አረሙት። ኤሊ ደግሞ ዝም ብላ ስታስብ ቆይታ፣ «እርምጃውን አንድ በአንድ ከምንደረድር 'ግንዱ ጋ እስክትደርሺ ተራመጂ' ብንልስ?» አለች። ጦጣ አጨበጨበችላት። በየቀኑ እየመጡ እንዲህ ሲለማመዱ ሰነበቱ።

ዓርብ አንበሳ መጣ። ቀበሮ ቀድሞት ቆሟል። «ጌታዬ፣ ክፍሉ አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። ክበብ የሚባል ነገር የለም።»

«አለ እንጂ!» አለች ቡሊት። «የጎደለን ክፍሉ ነው። ከፈለጉ ይፈትኑን።»

አንበሳ ፈገግ አለ። «እንግዲያው እኔ ኮምፒዩተር ነኝ። ከዚህ እስከ ደወሉ አድርሱኝ።»

ሴቶቹ ተማክረው አዘዙት። «ግንዱ ጋ እስኪደርሱ ይራመዱ። ወደ ግራ ይዙሩ። ደወሉ ጋ እስኪደርሱ ይራመዱ።» አንበሳ እንደታዘዘው ሄደ፣ ዞረ፣ ከዚያም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ጌታችንን አዋረዱት!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

ቡሊት ግን ወደ ኋላ አላለችም። «ጌታዬ፣ እርስዎ ያልንዎትን ነው ያደረጉት። የተሳሳተው ትእዛዛችን ነው። ቢፈቅዱልን እናርመዋለን።»

አንበሳ የጨቀየ እግሩን አየ፤ እሷንም አየ። «አርሙት» አለ።

«ከመንገድዎ ላይ ጭቃ ካለ በቀኝ በኩል ይዙሩት» የሚል ጨመሩ። አንበሳ እንደገና ተነሣ። ጭቃውን ዞረ፣ ደወሉ ጋ ደረሰ፣ ደወሉንም ደወለው።

«ታዲያ በሩን ማን ዘጋባችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ይህን ጊዜ ጅብ ሆዱን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። «ቀበሮ ቁልፉን ደብቀው ስላለኝ ደበቅኩት፤ ግን ከዋጥኩት ጀምሮ ሆዴን እየወጋኝ ነው!»

ቀበሮ ጅራቱን ቆልፎ ሊሾልክ ሲል የአንበሳ ግሳት ባለበት አስቀረው። አለቅነቱን ተገፈፈ፤ ጌም ቤቱም በዚያው ቀረ። አንበሳም በሩን በአንድ ክንዱ ገነጠለና «ግቡ!» አለ።

ኮምፒዩተሮቹ ተከፈቱ። ሴቶቹ ሲለማመዱ የሰነበቱትን ትእዛዝ ጦጣ እያሳየቻቸው ጻፉት። ሚዳቋ ኪቦርዱን ስትጫን ከስክሪኑ ዳር የነበረች ትንሽ ነጥብ ተነሣች፣ ሄደች፣ ዞረች፣ ከተባለችበትም ደረሰች። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

በሚቀጥለው ሰኞ ከወንዝ ማዶ የመጣች የሜዳ አህያ ልጅ በደጃፉ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ኮምፒዩተር ነክቼ አላውቅም። ለእኔ ቦታ ይኖራል?» አለች።

ቡሊት አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችላት። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ከዚህ የምንማረው ለመማር የቆረጠ በር ቢዘጋበት ከደጅ ጀምሮ እንደሚማር፣ ሲሳሳትም አርሞ እንደሚቀጥል ነው።