ሁልጊዜ ዜሮ የሚመልስ አስተርጓሚ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴም አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ኃጢአቴን ስቆጥር ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ባለፈው ሐሙስ ግን ድሮ ያስተማርኳት ወለላ ቤቴ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ስሕተቴን ራሴ ካረምኩት መናገር አለብኝ?»

ለአንድ ክሊኒክ የሠራችው ፕሮግራም የሕመምተኞችን ካርድ ሲያምታታ ከርሟል። ጥፋቱን አግኝታ አስተካክላዋለች። «ማንም አላወቀም እኮ» አለች። ቀጥላም በችኮላ፣ «የካርድ ክፍሉን ሰውዬ ብቻ ትንሽ ተቆጥተውታል፤ እሱም አልፏል።»

መልሱን በቀጥታ ልነግራት ይገባ ነበር። «እኔ» ብዬ መጀመር ስላቃተኝ በምሳሌ ጀመርኩ።

አንዲት ሴት ነበረች። በመሥሪያ ቤቷ ስለ ኮምፒውተር የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ በዚህም ትኮራ ነበር። ጊዜው ኮምፒውተር ገና ብርቅ የሆነበት፣ የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ከሌላው ጋር የማይመሳሰልበት ጊዜ ነው። ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ለብዙዎቹ አንድ ነበር። ያ አንድ ሲስተም በተለያየ ማሽን ላይ እንዲሠራ፣ በሁለቱ መካከል የሚቆም አጭር ፕሮግራም ለየማሽኑ እንደ አዲስ ይጻፋል። ሴትዮዋ «አስተርጓሚው» ትለው ነበር። ሲስተሙ «ይህን ዲስኩ ላይ ጻፍ» ሲል አስተርጓሚው ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ያደርስና መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ከተጻፈ ዜሮ፣ ካልተጻፈ አንድ። ሲስተሙ ዲስኩን አያይም። የሚያውቀው አስተርጓሚው የነገረውን ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ ከቀድሞው የተለየ ማሽን በእርዳታ መጣ። ሴትዮዋ አስተርጓሚውን እንድትጽፍለት ታዘዘች፤ ጻፈች። ማሽኑ ግን አንዳንዴ ይጽፋል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። እምቢ ባለ ቁጥር አስተርጓሚው «አንድ» ብሎ ይመለሳል፣ ሥራውም ቀጥ ይላል። የአዲሱ ማሽን ዲስክ ከቀድሞው ዘገምተኛ መሆኑን አልጠረጠረችም። ሰኞ ደግሞ የመምሪያ ኃላፊው መጥተው ሊያዩ ነው። «አልቻልኩም» ማለት ሞት መሰላት። ስለዚህ አንድ መስመር ለወጠች፤ አስተርጓሚው ተጻፈም አልተጻፈም ዜሮ ብሎ እንዲመለስ አደረገችው። ሰኞ ዕለት ማሽኑ አንዴም ሳይቆም ሠራ። ኃላፊው አጨበጨቡላት።

ማሽኑ ላይ የምትሠራ አንዲት ታይፒስት ነበረች፤ በዕድሜ ሴትዮዋን ትበልጣታለች። ከየወረዳው የሚመጣውን የዝናብ ልክ ቀኑን ሙሉ ታስገባለች። ሰው ራዲዮኑን እንደሚያለብሰው፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ በገዛ እጇ ዳንቴል ሠርታ ማሽኑን አለበሰችው። ኃላፊው ሲያዩት፣ «እናንተ፣ ይህቺን ሙሽራ መቼ ነው የምንድራት?» ብለው ቀለዱ።

«ባል ይምጣ እንጂ፣ ጥሎሹን የምቀበል እኔ ነኝ!» አለች ታይፒስቷ። ቢሮው በሳቅ ሞላ።

ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ ሲከፈት ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ የተዘበራረቀ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይህ ጨርቅ ማሽኑን አፍኖት ይሆን?»

ሴትዮዋ ዜሮው ወዲያው ትዝ አላት። ታይፒስቷ አፍ አፏን ታያታለች።

«ሊያፍነው ይችላል» አለች።

ሁለት ቃል ብቻ ናት። ታይፒስቷ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ወረደች፤ «ማሽን ያፈነችው» የሚል ስምም ወጣላት። ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ብቻዋን ቁጭ ብላ አስተርጓሚውን አረመች። ዘገምተኛውን ዲስክ ጥቂት እንዲጠብቀው፣ ካልተጻፈም እውነቱን እንዲናገር አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አንዲት ቁጥር አላጠፋም። ማንም አላወቀም።

«እና ካረመችው…» አለች ወለላ።

«ያረመችው ማሽኑን ነው» አልኳት። «ስሚኝ ልጄ። ሰው የሰውን ልብ ገብቶ አያይም፤ የሚያውቀው የነገርነውን ነው። አስተርጓሚው እኛው ነን። ያቺ ሴት ፕሮግራሟን እውነት መናገር አስተማረችው፤ እሷ ግን ‹ምንም የለም› እያለች ዜሮዋን ስትመልስ ኖረች። አንቺም ፕሮግራምሽን አስተካክለሻል። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ላይ የተጻፈው ግን እንደተሳሳተ ነው።»

ወለላ፣ «ሴትዮዋስ? ሄዳ ነገረቻት?» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ አልነገረቻትም» አልኩ። ምሳሌው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። «ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

ወለላ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ስለዚህም በልቤ አመሰገንኳት። የቀረውንም ነገርኳት። ታይፒስቷ መዝገብ ቤት የወረደች ቀን ዳንቴሉን አጥባ፣ በካውያ ተኩሳ ለእኔ ነበር የሰጠችው። «ለራዲዮንሽ ይሁን» አለችኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፤ ያወቅሽውን ነው የተናገርሽው።» ሠላሳ ስምንት ዓመት ከቁም ሣጥኔ ታች ተቀምጧል። አንድ ቀንም ምንም ላይ አላነጠፍኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ዳንቴሉን በፌስታል አድርጌ ወደ ታይፒስቷ፣ ወደ እትዬ እታለማሁ ቤት ሄድኩ። የአንድ እድር ሰዎች ነን፤ ልቅሶ ቤት ባየኋት ቁጥር ወንበር ስቀይር ኖሬያለሁ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«እንዴ! የተማረችው! ምን እግር ጣለሽ?» አለች እየሳቀች።

ዳንቴሉን አወጣሁና በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

«እትዬ፣ ጨርቁ አልነበረም» አልኳት።