ያለ ፈቃድ የገባው ብርድ

የመንዝ ሽማግሌዎች ሲጫወቱ እንደሰማነው፣ ብርዱ ጋቢ አልፎ አጥንት በሚገባበት በዚያ አገር መሪጌታ ቢተው የሚባሉ ምላሳቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ አመተ ደረታቸውን ይታመሙ ነበርና የኩበቱ ጭስ ሳላቸውን ቢያብስባቸው፣ መሪጌታ ከአንድ አርመን ነጋዴ የብረት ምድጃ አመጡላቸው። ግድግዳው ውስጥ በተሠራ የድንጋይ ጉድጓድ ተሰክቶ ጭሱን በቆርቆሮ ቧንቧ ወደ ሰማይ የሚሰድ ዓይነት ነው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የአንዱ ሰው ቧንቧ የሣር ክዳን አቀጣጥሎ መንደሩን ሊጨርሰው ነበርና አገረ ገዢው አዋጅ አስነገሩ። «የብረት ምድጃ የሚያስገባ ሁሉ ቧንቧውን ከክዳኑ በላይ አንድ ክንድ ያስረዝም! ቧንቧው ክዳኑን በሚበሳበት ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ይከልል! ከምድጃው ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፍ! የእሳት ሹሙ አይቶ ሳይፈቅድለት እሳት እንዳይጭር!» ሹመቱ ለባላምባራስ ዘርጋው ተሰጠ። መሪጌታም «ደግ አዋጅ ነው» ብለው አንዲት ሳያጎድሉ አሠሩ።

ባላምባራስ መጥተው ምድጃውን አጎንብሰው አዩ፣ ድንጋዩን ረገጡ፣ ጭቃውን በጣታቸው ጫሩ። የሚነቅፉት አጡ፤ እጅ መንሻም ብቅ የሚል አልሆነም። በመጨረሻ መሰላል አስቀርበው ጣራው ላይ ወጡና ክንዳቸውን ከቧንቧው ጎን ዘረጉ።

«አጭር ነው!»

«በክንዴ ለክቼ እኮ ነው ያሠራሁት» አሉ መሪጌታ ከታች።

«ሕጉ የሚለካው በእኔ ክንድ ነው! አያውቁም እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ክንድ ለመቀበል ሲዘረጋ እንጂ ለመለካት ሲዘረጋ አይቼው ስለማላውቅ ነው።»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ ከመሰላሉ ወርደው ፈቃዱን ሳይሰጡ በቅሏቸው ላይ ወጡ። መሪጌታ በማግስቱ ቧንቧውን አስቀጠሉ፤ ሰውም ላኩባቸው። ባላምባራስ ግን ዛሬ ነገ እያሉ ቀሩ።

የነጋድራስ ጎሹ ምድጃ ግን ማር ቀድሞለት ስለነበር ባላምባራስ ደጅ ላይ እንደቆሙ ተፈቀደ። ነጋድራስ በሀብታቸውም በንፍገታቸውም የታወቁ ናቸው። እንጨቱ እንዳያልቅባቸው ሰግተው አንድ ቀን እንኳ ሳያነዱት፣ ሰው እየጠሩ ያሳዩታል። አንድ ቀን መሪጌታንም ጠሩና አጠገቡ አስቀመጧቸው። መሪጌታ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይንዘፈዘፋሉ።

«እህ፣ ምድጃዬን እንዴት አዩት?» አሉ ነጋድራስ።

«እርስዎስ ከአዋጁም አለፉ። አዋጁ እሳቱ እንዳይወጣ ነበር ያለው፤ እርስዎ እንዳይገባም ከለከሉት!»

ኅዳር ገባ፤ ውርጩ በረታ። ወይዘሮ አመተ አንድ ጠዋት እየሳሉ ትንፋሽ ቢያጥራቸው መሪጌታ አላስቻላቸውም፤ ምድጃውን ለኮሱት። ባላምባራስም ጭሱን ከሩቅ አይተው ኖሮ ወዲያው ከሰሷቸው።

«ያለ ፈቃድ እሳት አስገብተዋል ወይ?» ብለው ዳኛው ጠየቁ።

«አስገብቻለሁ ጌታዬ። ብርዱም ያለ ፈቃድ ነው የገባው፤ ቀድሞኝ ገብቷልና መጀመሪያ እሱ ይከሰስልኝ።»

ዳኛው አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ። ቢሆንም አዋጅን መሻር አልተቻላቸውምና፣ ሹሙ መርምሮ እስኪፈቅድ ምድጃው እንዳይነድ ፈረዱ። መሪጌታ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ቀልድ አላወጡም። እንጨቱን ከምድጃው ውስጥ እንደረበረቡት ተዉትና የራሳቸውን ጋቢ ገፈው ለሚስታቸው ደረቡላቸው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የሚነደው የባላምባራስ ዘርጋው ቤት ነው። ለካ ባላምባራስም የብረት ምድጃ አስገብተው ኖሯል። መርማሪውም ፈቃጁም እሳቸው ስለሆኑ፣ ከመደባቸው ሳይነሡ «ደህና ነው» ብለው ነበር ያስለኮሱት። ቧንቧው ከሣሩ እኩል ነበርና ፍንጣሪው ክዳኑ ላይ አረፈ።

መሪጌታ ቁርበት በውሃ ነክረው ከሁሉ ቀድመው ጣራው ላይ ወጡ። ሰዉም ተረባርቦ አጠፋው። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ክዳኑ ግን እንዳለ ወደመ። ባላምባራስና ሚስታቸው ጥላሸት ለብሰው በውርጩ ሲንቀጠቀጡ፣ ወይዘሮ አመተ «ኧረ ወደ ቤት ይግቡ!» ብለው አስገቧቸው።

ባላምባራስ ከቀዝቃዛው ምድጃ ፊት ተቀመጡ። እንጨቱ እንደተረበረበ ነው። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «ኧረ መሪጌታ፣ እሳቱን ያንድዱልን እንጂ!» አሉ።

«ዳኛው ሹሙ ሳይመረምረው እንዳይነድ ፈርደውብኛል» አሉ መሪጌታ።

«ሹሙ እኔ አይደለሁም እንዴ? ይኸው አየሁት፤ ደህና ነው!»

መሪጌታ ክብሪቱን እንደያዙ ቀና አሉና፣ «የእርስዎንም ምድጃ እንዲሁ ነበር ያሉት» አሉ።